የውባንቺ ዝምታ

አገሩ ሁሉ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ለመቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ዘመን፣ ላሊበላ ውስጥ የሰው ጭንቀት በማዳመጥ ደመወዝ የምትበላ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ውባንቺ ትባላለች። የገነተ ማርያም ገበሬ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሄዳ ሥነ ልቦና ተማረችና ተመልሳ ከከተማው ትምህርት ቤቶች በአንዱ የምክር አገልግሎት ሠራተኛ ሆነች። ቢሮዋ ቀድሞ የጠመኔና የኳስ ማስቀመጫ ነበር።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

«ምን ታስተምሪያለሽ?» ይሏታል።

«አላስተምርም። የከበደው ነገር ያለበትን ተማሪ አነጋግራለሁ።»

«እሱንማ እኛም እናነጋግራለን» ብለው ይስቃሉ።

እውነታቸውን ነው። ላስታ ውስጥ ምክር ሞልቷል። የታመመውን ጠበል ይወስዱታል፣ የተጣላውን ሽማግሌ ያስታርቀዋል፣ የበደለ ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል። ውባንቺ እንደምታስበው የጎደለው መካሪ ሳይሆን ለመምከር ሳይቸኩል የሚሰማ ሰው ነው። ይህን ግን ለማንም አትናገርም፤ ትዕቢት ይመስላል።

ተማሪ ሳለች የሙያውን ንድፈ ሐሳቦች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛቸው ነበር። አንደኛው የሰው ችግር ሥሩ ልጅነቱ ውስጥ ነው፣ ቆፍረሽ አውጪው ይላል። ሌላው ያለፈውን ተይው፣ ልማዱን ጥቂት በጥቂት ለውጪ ይላል። አንዱ ደግሞ ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ሳይሆን ስለ ነገሩ የሚያስበው ነውና ሐሳቡን መርምሪ ይላል። እሷ የምትወደው አራተኛውን ነበር፦ ሰውየው መንገዱን ራሱ ያውቀዋል፤ አንቺ ሳትፈርጂ፣ ከልብሽ ሆነሽ፣ አብረሽው ቁሚ የሚለውን።

መጀመሪያ ላይ ያስቸገራት ወንበሩ ነው። በትምህርቷ እንዳየችው ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጣ ጠበቀች። የመጣው ሁሉ ጫማውን እያየ «ደህና ነኝ» ይልና ይወጣል። የትልቅ ሰው ዓይን እያዩ ማውራት ነውር በሆነበት አገር፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ የልብን ማውጣት ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ሁለቱንም ወንበሮች ወደ መስኮቱ አዞረቻቸው። ከዚያ ወዲህ አማካሪና ተመካሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው የአቡነ ዮሴፍን ተራራ እያዩ ያወሩ ጀመር። ተራራው ብዙ ነገር ሰማ።

ደሳለ የመጣው በጥር መጨረሻ ነው። የመሰናዶ ተማሪ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፤ ዲያቆን። ቄስ የነበሩት አባቱ ሞተዋል። እናቱ እትዬ ይማርሽ ልጃቸው እንደ አባቱ ሲቀድስ የሚያዩበትን ቀን ነው ዓይናቸውን ተክለው የሚጠብቁት።

ውባንቺ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ነገር ነገረችው።

«እዚህ የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ ብቻ ዝም አልልም። ሁለተኛው፣ እናትህና እኔ የአንድ ማኅበር ሰዎች ነን፤ አንተም ታውቃለህ። የማታውቅህ ሰው ትሻለኛለች ካልክ፣ ወልድያ አንዲት ባለሙያ አለች፣ አገናኝሃለሁ።»

«ወልድያ ድረስ ምን ብዬ ነው የምሄደው?»

«እሱም አለ።»

ደሳለ ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ። ከዚያ «ዲቁናዬ ፈርሷል፣ ቲቸር» አለ።

ዲያቆን ለቅስና የሚበቃው በድንግልና ኖሮ፣ በተክሊል አግብቶ ነው። ደሳለ ግን ስፌት ቤት ከምትሠራ እኩያው ጋር ተዋደደ፤ ፍቅሩም ከወሬ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ አልገባም። አንዴ ራሴን አመመኝ አለ፣ አንዴ ፈተና ደረሰብኝ አለ፤ በመጨረሻ ምክንያቱ አለቀበት። ለነፍስ አባቱ እንዳይናዘዝ፣ የነፍስ አባቱ አባ ተክለ ሚካኤል የሟች አባቱ ባልንጀራና ዳዊት ያስደገሙት መምህሩ ናቸው።

«ልጅቷስ እንዴት ናት?» አለች ውባንቺ።

«እሷ ደህና ናት። ትምህርትህን ጨርስና እንጋባለን ትላለች። እሷን ቅዳሴ አይጠብቃት።»

«ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?»

«እሱ ደግሞ ሌላ ኃጢአት ነው፣ ቲቸር። ያለው መች አነሰኝ?»

ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ልጁ ትከሻው ትንሽ ወረደለት።

ሐሳቡን መርምሪ የሚለው ትምህርት በዚያ ሰዓት ሹክ ብሏት ነበር። የልጁ ጸጸት የተጋነነ ነው፣ «ይህ ያን ያህል ምን አለበት?» በይው አላት። እሺ አላለችውም። ለደሳለ ይህ የተጣመመ ሐሳብ አይደለም፤ ተወልዶ ያደገበት ቤት ነው። እሷ ገብታ ምሰሶውን የምትነቀንቅበት ምን ሥልጣን አላት? የተመካሪን እምነት አክብሪ የሚለውን ፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች፤ ክብደቱን ያወቀችው ግን ያን ቀን ነው።

«ምን ቢሆን ይቀልሃል?» አለችው።

«እናቴ ብታውቅ። እኔ ሳልነግራት ብታውቅ።»

«እሱ አይሆንልኝም። አንተ እንድትነግራት ግን ላግዝህ እችላለሁ።»

በየሳምንቱ እየመጣ ለእናቱ የሚለውን ለተራራው ይሞክር ጀመር። «እማ» ይልና ከዚያ አያልፍም።

ትንሽ ከተማ ውስጥ በር አይደበቅም። በየካቲት አጋማሽ እትዬ ይማርሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ።

«ልጄ አንቺ ዘንድ ይመላለሳል አሉኝ።»

«ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደማይመጣ አልናገርም፣ እትዬ።»

«በዓይኑ ያየው ሰው ነው የነገረኝ። ምን ሆንኩ አለሽ?»

«አልነግርዎትም። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ እኮ ነኝ የወለድኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አዲስ አበባ ሳለሽ በሶዬን የበላሽ።»

«በልቻለሁ፤ እየጣፈጠኝ።»

ቀልድ አልነበረም። እትዬ ይማርሽ የእናቷ የልብ ወዳጅ ናቸው። እሷ ስትማር ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ መኪና ሁሉ ስንቅ ቋጥረው ይልኩላት ነበር። እናቷ ስትሞትም እጇን ይዘው የማርያም ማኅበር ውስጥ በእናቷ ቦታ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። አሁን ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«እንግዲያው እመቤቴ ማርያም ፊት እንገናኝ» ብለው ሄዱ።

የማኅበሩ ሴቶች በወሩ ሃያ አንድ በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ። ጠላው በጽዋው ተሞልቶ፣ ዳቦው ተከምሮ፣ ሁለቱም ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። ጨርቁ ከመነሳቱ በፊት ካህኑ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ ሳይታረቅ ጽዋው አይገለጥም። እርቅ እምቢ ያለ ከማኅበሩ ይወጣል፤ የወላጁም ቦታ በእሱ ያከትማል። በዚያ ወር ተረኛዋ አለሜ ነበረች፤ የቱሪስት ዕቃ ሻጭ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት።

አባ ተክለ ሚካኤል ጸሎቱን አድርሰው ጠየቁ። እትዬ ይማርሽ ተነሡ።

«እኔና ውባንቺ ተቀያይመናል፣ አባ። ልጄ እያለቀ ነው። አይበላ፣ አይስቅ፣ ቤተ ክርስቲያን አይሄድ። ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ እኔ ግን አላውቅም። እናት ነኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ውባንቺ ዞሩ።

«እኔ ቂም የለብኝም፣ አባ» አለች።

«ቂም ከሌለሽ ንገሪያታ» አለች አለሜ። «ጠላዬ ሳይሆመጥጥ።»

«ልነግራቸው አልችልም።»

አባ ተክለ ሚካኤል ተቆጡ። «ልጄ፣ ምሥጢር መያዝ የካህን ነው። አንቺ ካህን ነሽ ወይ?»

ውባንቺ እናቷ ትቀመጥበት በነበረው መደብ ላይ ነበረች፤ ከዚያ መደብ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ብትናገር ደግሞ ነገ ቢሮዋን የሚያንኳኳ ተማሪ እንደማይኖርም ታውቃለች። ከሁሉ በላይ፣ በየሳምንቱ «እማ» እያለ የሚጀምረው ልጅ ቃሉን ይነጠቃል።

«አይደለሁም፣ አባ። ካህን ብሆን ፈትቼ እሰድ ነበር። እኔ መፍታት አይቻለኝም፤ ያለኝ መያዝ ብቻ ነው። እሱን ከለቀቅሁማ ምን ቀረኝ?»

አባ ጺማቸውን እያሻሹ ወደ እትዬ ይማርሽ ዞሩ።

«እሺ ሌላው ይቅር» አሉ እትዬ ይማርሽ። «ታሟል ወይስ አልታመመም? አንድ ቃል።»

አንዷን ቃል መስጠት ቀላል ነበር። ውባንቺ ግን ከአንዷ ቃል ኋላ ሌላ ቃል እንደሚጎተት አየች። ተነሥታ አጠገባቸው ሄደች።

«እትዬ፣ ስለ እሱ አልነግርዎትም። ስለ እርስዎ ግን መስማት እፈልጋለሁ። እዚህ አይደለም፤ ይህ ሁሉ ሰው ባለበት አይሆንም። ወደ ጓሮ እንውጣ።»

«ሂጂ፣ ይማርሽ» አሉ አባ። «ጽዋው የትም አይሄድ።»

«እኔም የትም አልሄድ» አለች አለሜ፤ «ቤቱ የኔ ነው።»

ጓሮው የድንጋይ ካብ ነው። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ከፊታቸው የታጨደ የገብስ ማሳ አለ። ውባንቺ ምንም አልጠየቀችም። እትዬ ይማርሽ ልጃቸው ሃይማኖቱን ቀይሮ እንደሆነ መፍራታቸውን ተናገሩ። ቀጥሎ የሰው ዓይን በልቶት እንደሆነ። ቀጥሎ፣ ባላቸው በታመሙ ጊዜ እንዲሁ ዝም ብለው ዝም ብለው አንድ ቀን እንደወደቁ አወሩ። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

«ዝም የሚል ወንድ ያስፈራኛል» አሉ።

«ባለቤትዎ ዝም ሲሉ እርስዎ ምን ይሉ ነበር?»

«ምን እላለሁ፤ እኔም ዝም።» ማሳውን እያዩ ቀጠሉ፦ «አሁንም እንደዚያው ነው ያደረግሁት። አንቺን ጠየቅሁ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ። እሱን አልጠየቅሁትም። የሚመልስልኝን ፈራሁ።»

ውባንቺ አልመከረቻቸውም። «ይጠይቁት» ብትል እንኳ የያዘችው እንዳይንጠባጠብ ፈራች።

«ምንም ይሁን ምን ልጄ ነው» አሉ እትዬ ይማርሽ።

«ይህን ለእኔ ነው የነገሩኝ።»

አሮጊቷ ዞር ብለው አዩዋት። ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

የዚያን ቀን ጽዋው አልተጠጣም። እትዬ ይማርሽ «ገና ነኝ» አሉ፤ አባም እስከ መጋቢት ማርያም ቀጠሮ ሰጡ። ያልተጠጣ ጽዋ ወደሚቀጥለው ቤት አይሻገርምና አለሜ ድጋሚ እንድትደግስ ተፈረደባት።

«እነሱ ተጣሉ፣ ቅጣቱ ለኔ» አለች።

በሳምንቱ ደሳለ ሳያንኳኳ ገባ።

«እናቴ ማሳ ላይ ‹ምንም ይሁን ምን ልጄ ነህ› አለችኝ። እንዲሁ፣ ሳልጠይቃት። እርስዎ ነገሯት?»

«አልነገርኳቸውም።»

ፊቷን መረመረ፤ ዓይኗን ቀጥ ብሎ ያያት ያን ቀን ብቻ ነው። አመናት።

«እንግዲያው አሁን ይንገሩልኝ፣ ቲቸር። እኔው ፈቀድኩልዎ።»

ከፈቀደላት መናገር ትችላለች፤ ሕጉም አይከለክላትም። መጋቢት ማርያምም ቅርብ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የእናቷ መደብ ይተርፍላታል። ይህ ሐሳብ በልቧ ሲያልፍ ነው መልሱን ያወቀችው፤ ከተናገረች ለራሷ ነው።

«አብሬህ እቀመጣለሁ» አለችው። «አፉ ግን ያንተ ይሁን።»

ቅዳሜ ሦስተኛ ወንበር አስገባች። እትዬ ይማርሽ መሐል፣ ደሳለ በቀኝ፣ እሷ በግራ፤ ሦስቱም ወደ ተራራው።

«እማ» አለ ደሳለ። እንደ ልማዱ እዚያው ቆመ። ውባንቺ አላገዘችውም። ቃሉ ወጣ፤ ተሰባብሮ፣ ቅደም ተከተሉን ስቶ፣ ግን ሁሉም ወጣ።

እትዬ ይማርሽ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«አባትህ ቢኖር ይቆጣ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«እኔም ተቆጥቻለሁ።»

«አዎ፣ እማ።»

«ስትቀድስ አላይህም ማለት ነው።» ይህን ሲሉ አለቀሱ። ማንም አላባበላቸውም፤ የሚያለቅሱለት ነገር በእውነት ሄዷልና። ሲበቃቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለአባ ትናዘዛለህ።»

«እናዘዛለሁ።»

«የስፌት ቤቷ ልጅ የማን ልጅ ናት?»

ደሳለ ነገራቸው። «የአለሌው የአቶ ሰጠኝ ልጅ?» አሉ። «እሺ። እናትየዋ እንኳ ጨዋ ናት።»

በመጋቢት ማርያም የአለሜ ቤት እንደገና ሞላ። አባ ተክለ ሚካኤል ጸሎቱን አድርሰው «የተቀያየመ አለ?» አሉ። ድምፃቸው እንደ የካቲቱ አልነበረም፤ ወደ ውባንቺም አላዩም። ደሳለ ተናዝዞ ነበርና አሁን እሳቸውም የሚይዙት አላቸው።

«የለም» አሉ እትዬ ይማርሽ፤ ጽዋውንም ተቀብለው ጠጡና ለውባንቺ አቀበሏት።

ጽዋው ከዞረ በኋላ አለሜ ቀረብ አለች። «በሉ እንግዲህ፣ ነገሩ ምን ነበር? ሁለት ወር ዳቦ ጋግሬበታለሁ፤ ማወቅ አይገባኝም?»

ውባንቺ አፏን ሳትከፍት እትዬ ይማርሽ መለሱ፦ «አይገባሽም። ዳቦሽን ቁረሺ።»

ሴቶቹ ሳቁ። አለሜም ስቃ ዳቦውን ቆረሰች። ሰው ሁሉ ወጥቶ ውባንቺ ዕቃ ስታግዛት ግን፣ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ያ ክፍልሽ ለተማሪ ብቻ ነው?»

«ለተማሪ ነው።» ውባንቺ የያዘችውን ዋንጫ አስቀመጠች። «ቅዳሜ ግን ተማሪ የለም።»

«ቅዳሜ ገበያ አለብኝ» አለች አለሜ። ትንሽ አሰበች። «ከገበያ መልስስ?»

«ከገበያ መልስ እጠብቅሻለሁ።»