ነገ ጠዋት ትነሳላችሁ

የልጅ ልጄ መቅደስ ባለፈው እሑድ ከማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ሰፈር፣ መጣች። እዚያ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ አንድ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «በሰሜን ተራሮች ፎቶ ለመነሳት የሚያምሩ ሥፍራዎች» ይላል ርእሱ። መነጽሬን አድርጌ ገለጥኩት። ፏፏቴ አለ፣ ዝንጀሮ አለ፣ ጅባራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል አለ። ከዚያ ሙሉ ገጽ የያዘ ገደል መጣ። አፋፉ ላይ ሣር ብቻ፣ ከሥሩ ጭጋግ። እንዲህ የሚል ጽሑፍም ነበረው፤ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቢነሱ ይመረጣል።»

«አባባ፣ ቅዳሜ ማኪና ተከራይተን እንሄዳለን» አለችኝ። «እርስዎም እዚች አፋፍ ላይ ቆመው ይነሱልኛል።»

«እኔ አልነሳም» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ሻክሮ ነበር መሰለኝ፣ ደነገጠችና ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ማድቤት ገባች።

ዕድሜዬን የጨረስኩት አማርኛ በማስተማር ነው። ግስ እንደ ጨው በጥብጬ አጠጥቻለሁ። «ተነሳ» የምትለዋን ግን ሁልጊዜ እዘላት ነበር። ተማሪዎቼን ወደ ክፍል ስገባ ሌላው መምህር እንደሚለው «ተነሱ» ብዬ አላውቅም፤ «ቁሙ» ነበር የምላቸው። ይችን አንዲት ግስ ከአቅሟ በላይ ነው ያሸከምናት። ከእንቅልፉ የነቃ ተነሳ ይባላል። በሽተኛ ሲድን ተነሳ ይባላል። ከርስቱ የተባረረም ተነሳ ነው የሚባለው። ካሜራ ፊት የቆመም ያው ተነሳ ነው። ይህን የመጨረሻውን እኛ መንደር የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም።

መንደራችን አፋፍ ትባል ነበር፤ ስሟም ቦታዋም ያው ነው። ከኋላችን የገብስ እርሻ፣ ከፊታችን ባዶ አየር። ዳዴ የሚል ሕፃን ያላት እናት ልጇን በመቀነት ከምሰሶ ጋር አስራ ነበር ሥራዋን የምትሠራ። ጥልያን ጎንደርን ይዞ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን መንገድ እያስቆፈረ ነበር። እኔ ያኔ ጢሜን ገና ያቀመቀምኩ ጎረምሳ ነኝ። ታላቅ እህቴ እታለም የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ቤት ተኝታለች። ባሏን ለመንገድ ቁፋሮ ከወሰዱት ቆይተዋል፤ ይኑር ይሙት አናውቅም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው የመጡት። ገብሱ ዛላው ከብዶት አጎንብሷል፣ ከዝናብ በኋላ ያለው አየር ጥርት ብሏል። አንድ ነጭ፣ አንድ አስተርጓሚ፣ ጥቂት ወታደሮች። ነጩ እንደ ሌሎቹ አይጮህም። ገደሉን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ሦስት እግር ያላት ሳጥን አስተከለና በጥቁር ጨርቅ ራሱን ሸፍኖ ወዲያና ወዲህ አዞራት። ሦስት እግር ያለው ነገር ደግሞ አገራችን የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ መትረየስ። ወዲያው ሰማዩን አየና ራሱን ነቀነቀ። ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ነበረች።

አስተርጓሚው የጎንደር ከተማ ልጅ ነው። ጠጉሩን ያበጠረ፣ ሳቂታ ወጣት። ሕዝቡን ሰበሰበና እንደ ምሥራች ተናገረው።

«ነገ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሁላችሁም ትነሳላችሁ!»

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ካሳ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ወጡ። «ምነው ልጄ? ምን አጠፋን?»

«ምንም አላጠፋችሁም አያ። ቦታችሁ ሸጋ ስለሆነ ነው። ጌታዬ ወዶታል።»

«ሁላችንም ነን?»

«ሁላችሁም! ሴቱም፣ ሕፃኑም። አንድ ሰው እንዳይቀር። ንጹሕ ልብስ ልበሱ።»

«ወዴት ነው የምትወስዱን?»

ወጣቱ ሳቀ። «የትም አትሄዱም። እዚሁ አፋፉ ላይ፣ ገደሉን ከኋላ አድርጋችሁ ትሰለፋላችሁ። እሱ ከፊት ይሆናል። አያምም አያ፣ አይፍሩ። ቀጭ ትላለች፣ አለቀ።»

ነጩ ለሕፃናቱ ከረሜላ አደለ። እናቶች ከልጆቻቸው አፍ እየፈለቀቁ ጣሉት። አስተርጓሚው ይህንንም አይቶ ሳቀ፤ ባላገር ከረሜላ አያውቅም ብሎ ይሆናል። ከዚያ ተሰናብተውን ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። እጅ ነሥቶን ነው የሄደው፣ ትሑት ልጅ ነበር።

ምክክሩ ረጅም አልነበረም። ከታች ያለችው መንደር ለመንገዱ ተብላ ስትነሳ ሰዎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። «ሰምታችኋል» አለ አባቴ፣ «ቦታውን ወዶታል።» ሌላ የሚጨመር ነገር አልነበረውም። ከገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ አለ። የሚያደርሰው የፍየል መንገድ ነው፣ አንዱ ቦታ በጠፍር ተንጠላጥሎ መውረድ ግድ ይላል። ፀሐይ ሳትወጣ እዚያ መግባት አለብን ተባለ። እታለም ግን ገና ቀና ብላ መቀመጥ እንኳ አልቻለችም።

አባቴ ከእሷ ጋር እቀራለሁ አለ። እሷ እንቢ አለች። «ወንድ ካዩ ይተኩሳሉ። አራስ ምን ይሏታል? ሂዱ።» እኔ የአክስታችንን ገንፎ ይዤላት ገብቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀመሰችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ ብላው፤ ገደል የምትወርድ አንተ ነህ» አለችኝ። ቅቤው እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ከዚያ ነጩን ነጠላዋን ከሙዳይ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ።

«ንጹሕ ልብስ ልበሱ ብለዋል አይደል?» አለችና ሳቀች። እህቴ በማንኛውም ነገር ላይ መቀለድ ትወድ ነበር።

ወረድን። ዋሻው ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን፣ ሕፃናቱን አፋቸውን ይዘን። ፀሐይ ወጣች። ብዙ ሳይቆይ ከላይ አመድ መውረድ ጀመረ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ መጀመሪያ የሣር ክዳን፣ ከዚያ የተቆላ ገብስ። ጎተራችን ነበር የሚነደው። ሽታው መልካም ነበር፣ ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ሕፃናቱ ቆሎ ስጡን ብለው አለቀሱ።

ከዚያ በዋሻው አፍ ፊት አንድ ነጭ ነገር ቁልቁል አለፈ።

አንድ አፍታ ነው። ድምፅ የለውም፣ ወይም እኔ አልሰማሁም። አንዲት ሴት «አሞራ ነው» አለች። እኔ ግን አሞራ አለመሆኑን አወቅሁ። ነጠላውን ከሙዳይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ፊቴን አየና ያን ጊዜ እሱም አወቀ።

ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚው ዱካችንን እየተከተለ ያንን የፍየል መንገድ ወርዶ መጣ። ኮቱን እንደ አንቀልባ አድርጎ አንድ ነገር ጀርባው ላይ አስሯል። ጎረምሶቹ ድንጋይ ሲያነሱ ያሰረው ነገር አለቀሰ፤ የእታለም ልጅ ነበር። ሰውዬው ዋሻው ደጃፍ ላይ ተቀመጠና ነገረን።

መንደሩን ባዶ ሲያገኙት የአጃቢዎቹ አለቃ «ሸፍተዋል» ብሎ እሳት አዘዘ። ባለ ሳጥኑ አልተቆጣም። ጭሱን አይቶ እንዲያውም ደስ አለው። እህቴን ከቤት አስወጥቶ ነጭ ለብሳ ሲያያት፣ ሕፃኑን ታቅፋ አፋፉ ላይ እንድትቆም አዘዘ። እታለም አስተርጓሚውን «ልጁም ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ልጁም ይነሳል፣ አይዞሽ» አላት። ያኔ ልጁን ሣሩ ላይ አስተኛችውና ራቅ ብላ ብቻዋን ቆመች። ነጩ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ሳጥኗን ወደ እሷ ሲያዞር እህቴ እስኪተኮስባት አልጠበቀችም።

«እኔ ትነሳላችሁ ነው ያልኩት» ይላል ወጣቱ፣ ደጋግሞ። «መልካችሁን በዚያች ሳጥን ያስቀረዋል ማለቴ ነው። ከወረቀት ላይ። እንደ ሥዕል።»

አባቴ ሕፃኑን ከጀርባው ላይ ፈትቶ ወሰደ። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው ነበር።

«ታዲያ ሥዕል አትልም?»

«ከተማ እንዲያ አንልም አያ። መነሳት ነው የምንለው።»

ማንም አልመታውም። ምናልባት ቢመቱት ይሻለው ነበር። «ነጩስ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። መሬት መሬቱን እያየ መለሰልኝ። «አዘነ። ብርሃኑ እንዳያመልጠው ብሎ ግን ባዶውን አነሳው። ሲጨርስ ያለ ሰውም ያምራል አለ።»

ወጣቱ ወደ ጌታው አልተመለሰም። እኛም ወደ አፋፍ አልተመለስንም፤ እሳቱ እርሻውንም ስለበላው ዓመቱን የሚያሳልፍ ቤትም እህልም አልቀረልንም። አባቴ ሕፃኑን ቁምላቸው አለው። በፍየል ወተት አደገ። ጎንደር ገብተን እኔ ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ እሱን እንደ ልጄ አሳደግሁት። መቅደስ የእሱ ልጅ ናት። አያቷ ገደል ገብታ መሞቷን ታውቃለች። እንዴት እንደሆነ ግን ለአባቷም እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም፤ እናቱ በአንዲት ቃል እንደሞተች ለሰው ልጅ እንዴት ይነገራል?

ውብ ቦታ ሲባል ጥዬ እወጣለሁ። ሰዎች አፍ አውጥተው ሲያደንቁ እጠላቸዋለሁ፣ እውነቱን ነው የምናገረው። ቦታችን ጠፍና ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቢሆን ኖሮ እህቴ በቀልዷ ሰው የምታስቅ አሮጊት ሆና ባየኋት ነበር።

መቅደስ ሻዩን ይዛ ስትመለስ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ይህንን ሁሉ ነገርኳት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ መጽሔቱን ገለጥኩና ጣቴን ፎቶው ላይ አደረግሁ። በደንብ ለሚያይ ሰው ከሣሩ ሥር የእርሻችን እርከን ዛሬም መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፤ ገብሱ እዚያ ነበር፣ የእታለም ቤት ከዚያ ዝቅ ብሎ። ልጅቱ መጽሔቱን ተቀበለችኝና ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ለራሷ እንደምታነብ ቀስ ብላ አነበበችው። «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» አለች። «ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቢነሱ…» ብላ መጽሔቱን ዘጋችው።