እንዳለ የተሸጠው ቤታችን

ቤታችን ሊሸጥ የተቃረበ ሰሞን እናቴ ነጭ ቀለም ገዝታ መጣች። ደላላው በር ላይ ባልዲውን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ልቀባበት ነዋ።»

«ሰውየው እኮ እንዳለ እወስዳለሁ ብለዋል። ምስማር እንኳን እንዳትነቅሉ።»

«እሳቸው እንዳለ ስላሉ እኔ እንዳለ ላሳይ? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?»

ደላላው ወደ እኔ ዞሮ «እናትሽ ቤት እየሸጡ ነው ወይስ ልጅ እየዳሩ?» አለኝ። ሁለቱንም ይመስል ነበር።

የምንሸጠው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ምን አለሽ ተራ፣ የወዳደቀ ብረት እንደገና ዕቃ በሚሆንበት ገበያ፣ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ እየሠራ ያሳደገኝ ሰው ነው። ኩላሊቶቹ ከደከሙ ወዲህ መዶሻውን አስቀምጦ በእጥበት ይኖር ነበር። ታላቅ እህቱ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመረመረችና ይሆናል ተባለ። ሐኪሞቹም «አቅም ሳያንሰው ቶሎ ይሁን» አሉ። ቶሎ እንዲሆን ገንዘብ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ያለን መርካቶ ውስጥ ያለች ይህቺው የጭቃ ቤት ናት። በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ወራት ያስጠብቃል። ደላላው ያገኘልን ግን በርበሬ በረንዳ የሚነግዱ፣ ገንዘባቸው በእጃቸው ያለ ሀጂ ናቸው። ቤቱን ለመጋዘን ፈልገውታል። የሰጡት ዋጋ ከገበያው ያንሳል፤ ግን ካዩት በሳምንቱ ይፈርማሉ።

እኔና እናቴ ቀባን። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚረጥበውን የሳሎኑን ጥግ ደግሞ ደራርበን ቀባነው። እናቴ ራቅ ብላ አየችውና «ዛሬ ገና ቤት መሰለ» አለች። ይህን ስትል ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም።

በማግስቱ ሀጂ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ቆም ብለው አሸተቱ። የበርበሬ ነጋዴ አፍንጫ አይሸወድም። ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

«ይሄ መቼ ተቀባ?»

«ትናንት» አለች እናቴ ፈገግ ብላ። «ለእርስዎ ክብር ብለን ነው፣ ሀጂ።»

ሀጂ ጣታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወደ ደላላው ዞሩ። «እንዳለ ነው ያልኩት። ጉዱን አይቼ፣ ጉዱን ወድጄ ልገዛ። የተቀባ ግድግዳ ውስጥ ያለውን በምን ልወቅ? በርበሬ ነው የማስቀምጥበት፤ እርጥበት ካገኘው የምሸጠው ሻጋታ ነው።»

«ሀጂ፣ በአላህ፣ ቀለም እኮ ነው...»

«ያስፈራኝም ቀለሙ ነው» አሉና ወደ ጫማቸው ጎንበስ አሉ።

እናቴ ለክብር ብላ ያደረገችው እንደ ማታለል ተቆጠረባት። አልጋውን ከሚከልለው መጋረጃ ጀርባ አባቴ አሳለ። ሰውየው ያንን ጫማ አጥልቀው ከወጡ ሌላ ገዢ እስኪመጣ አባቴ ሊቆይልን እንደማይችል አውቃለሁ።

«ሀጂ፣ እኔ ላሳይዎት» አልኩ።

«ምኑን?»

«ጉዱን።»

ደላላው አፈጠጠብኝ። «አንቺ ልጅ...» ብሎ ሲጀምር ሀጂ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

ከጥጉ ጀመርኩ። «ይሄ ግድግዳ በክረምት ውሃ ይጠጣል። ትናንት የደራረብነው እሱን ነው።» ቀጥዬ ሊሾው የጎደጎደበትን ቦታ አሳየኋቸው፤ ልጅ ሆኜ ብይ ስጫወት ብዩ ሁሉ ተንከባሎ የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። በሩ ዝናብ ሲመታው አብጦ አልከፈት እንደሚል፣ ጠዋት ጠዋት በትከሻዬ ገፍቼው ትምህርት ቤት እንደምሄድ ነገርኳቸው። ኮርኒሱ ላይ ስላሉት አይጦች «ሁልጊዜ ሠርግ ያለባቸው ነው የሚመስለው» ስል ሀጂን ሳቅ አመለጣቸው። እኔንም አንድ ደስ የሚል ነገር ተሰማኝ። ጓደኞቼን ላለማምጣት ሰበብ የምፈልግለት ቤት፣ በአፌ ሲያልፍ ያምር ነበር።

የቀረው አሸንዳው ብቻ ነው። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ የሚቀበለውን አሸንዳ አባቴ ነው ከበርሜል ቆርጦ የሠራው። ከታመመ ወዲህ ዝጎ ተበሳስቷል፤ ግድግዳውን የሚያረጥበውም እሱ ነው። አባቴ እየሰማኝ ይህን እንዴት ልበል?

«ሌላስ?» አሉ ሀጂ።

«አሸንዳው ነው» አለ አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ። «ንገሪያቸው እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል? የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አልቆለታል። ሀጂ፣ የዘንድሮን ክረምት አይሻገርም። ጭነትዎን ከማስገባትዎ በፊት በዚንክ ያስቀይሩት።»

ሀጂ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩት። ሰላምታ ተለዋወጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ደላላው ሽያጩን ያተረፈ መስሎት «እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጉድ ካለበት፣ ዋጋው ላይ ትንሽ...» አለ።

«ተወው። እንዳለ ብዬ ነበር፤ እንዳለ ያየሁት ግን ገና አሁን ነው።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «መርቅልኝ። ቅር ብሎህ የለቀቅከው ቤት ለእኔ በረካ የለውም።»

አባቴ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ያጥፉ የነበሩትን ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «እኛን እንዳኖረ እርስዎንም ያኑር። ያስገቡት ይብዛ፣ ያወጡት ይቅናዎ። አላህ በረካውን ያድርግልዎ።»

«አሚን» አልን። እናቴ ያለቀሰችው አሚን ብላ ከጨረሰች በኋላ ነው። ፊርማው በሳምንቱ ቢሆንም ለእኔ ቤቱ የተሸጠው ያኔ ነው።

አባቴ አሁን የእህቱን ኩላሊት ይዞ ከተማው ዳር በተከራየናት ቤት ይኖራል። ሐኪሙ ሰው የሚበዛበት ቦታ እንዳይሄድ ከልክሎታል፤ ለአባቴ ይህ ማለት መርካቶ ማለት ነው። የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየና «ሀጂ ያንን አሸንዳ ቀይረውት ይሆን?» አለኝ።

በማግስቱ ሄጄ አየሁ። ተሸካሚዎች ጆንያ እያስገቡ ነበር። በሩ አብጦ፣ እንደ እኔው በትከሻቸው ይገፉታል። የእናቴ ነጭ ግድግዳ የበርበሬ ብናኝ አቅልቶታል፤ ጥጉ ግን ደረቅ ነው።

ስመለስ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «እ?»

«ተቀይሯል።»

«በዚንክ?»

«በዚንክ፣ አባ። ያብረቀርቃል።»

«የድሮውንስ?»

«ግቢው ውስጥ ግድግዳ አስደግፈውታል።»

«እዚያ ቆሞ ከሚበሰብስ ምን አለሽ ተራ ይስጡት በያቸው» አለ። «ከደህናው ጎኑ አንድ ምድጃ ይወጣዋል።»