የጋቢናው ደረጃ አውጪ

ከእንጦጦ ማርያም በሚወርደው ታክሲ ሁልጊዜ ጋቢና ለሚቀመጡት ሽማግሌ የሠፈሩ ሐሜተኛ ታሪክ ሰፍቶላቸዋል፤ ጡረታ የወጡ ሰላይ ናቸው ያለም አለ፣ ሦስት ሚስት አላቸው ያለችም አለች። ሹፌሩ ይድነቃቸው ግን ጭናቸው ላይ ያለውን ደብተር አጮልቆ አይቷል። ደብተሩ ውስጥ የአውሮፓ የመኪና ራሊ ተወዳዳሪዎች በየአገራቸው ደረጃ ወጥቶላቸዋል፤ ፊንላንዶች ከላይ፣ ፈረንሳዮች ከሥር። በሁሉም መስመር ግን ከጎን ተቀምጦ መንገዱን የሚያነብለት ረዳት ከሹፌሩ ቀድሞ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ምነው ሹፌርን እንዲህ ናቁት?»

«ሹፌር ያየውን ይነዳል፤ ያላየውን የሚነዳው በረዳቱ ቃል ነው።» ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። «እኔም የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። አንድ ቀን ሳላይ ሹፌሬን ‹ባዶ ነው፣ ግባ› አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም።»

ይድነቃቸው ታክሲውን ጥግ አስይዞ አቆመ።

ቀጣዩን ኩርባ ጭጋግ ውጦታል። «ጋሼ፣ እንዴት ነው? ልግባ?» አላቸው፣ ለወግ ያህል።

ሽማግሌው በሩን ከፍተው ወረዱ።

«ሰውዬው አበዱ እንዴ! ንዳው እንጂ!» አለች ከኋላ አንዷ።

ይድነቃቸው ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። እሳቸው እስከ ኩርባው ጫፍ በእግራቸው ሄደው ቆሙ፤ ግራ ቀኙን ደጋግመው አዩ። ብዙ ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ እጃቸው ብቅ አለና «ና» አለው።