የዝናብ ለኪው ማስታወሻ

ተራራው ተራራ ለመባል ጥቂት ይቀረዋል፤ ያለፈ ያገደመው ደመና ሁሉ ግን አናቱ ላይ ያርፋል። የከዋክብት መመልከቻው እዚያ የተሠራው በማን ምክር እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ተመራማሪዋ ከመጣች ወር ቢሆናትም ከኮከብ ይልቅ ያየችው ጭጋግ ነው፤ በየማለዳውም ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ የሚሉትን ዝናብ ለኪ ሽማግሌ።

የካፖርታቸው ቁልፍ ሁልጊዜ ተዛንፎ ይቆለፋል። የዝናቡን ውሃ ለክተው ይደፉና ወደ አፋፉ ይሄዳሉ። እዚያ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ስንጥቁ ላይ ይደረድራሉ።

"አባባ፣ ዝናቡ እኮ አባርቷል" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ሰማዩ ነው ያባራው። መሬቱ የጠጣው ገና አልወጣለትም።" ከታች ወዳለው የቆርቆሮ ጣሪያ በአገጫቸው አመለከቱ። "የልጄ ቤት ነው። ልቀቂ ብላት፣ የሚመለከተው አካል ይንገረኝ አለች።"

ከሰዓት በኋላ ተመራማሪዋ የዝናብ መዝገባቸውን ገለጠች። የማስታወሻው ዓምድ ላይ፣ "ስንጥቁ አንድ ጣት፤ ከሥሩ ሰው ይኖራል" ይላል። በተከታዩ ወር ገጽ ሦስት ጣት። ባለፈው ወር ስንዝር።

በየወሩ ገጽ ግርጌ የዋናው መሥሪያ ቤት ማህተም አርፏል፤ "ታይቷል" ይላል።