ልጄ በስልክ የታየችበት ቀን

ትንሿ ልጄ ሆዷን ይዛ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ቀኝ ጎኗን አላስነካ ስትል በባጃጅ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

የተቀበለችን ሐኪም ገና ቀዶ ጥገና በመማር ላይ ያለች ወጣት ናት። «ትርፍ አንጀት ነው፤ ሳይፈነዳ መውጣት አለበት» አለችኝ። አስተማሪዋ ግን ሩቅ ከተማ ነው ያለው። በሽተኛውን በስልክ ምስል ካላየላት ምላጭ አታነሳም። የእሷ ስልክ ካሜራው ደብዝዟል፤ «የሐምሌ ጭጋግ ነው እንዴ የምታሳዪኝ?» ሲላት ሰማሁ።

የእኔን ስልክ ትልቋ ልጄ ናት ከጅዳ የላከችልኝ። ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሰጠኋት።

አስተማሪው «እስኪ ትሳል… አሁን ደግሞ ቀኝ እግሯን…» ሲል ስልኩ ጮኸ። ምስሉ ጠፋ። ትልቋ ናት፤ ጎረቤት መታመሟን ነግሯት ኖሯል።

«እማ፣ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት፤ አትደውዪ።»

ሐኪሟ መልሳ አገናኘችው። «ቀኝ እግሯን…» ሲል ደጎሎ ያለችው እህቴ ደወለች። ከዚያ የጅዳዋ። ደግሞ የጅዳዋ።

«እናቴ፣ ልዝጋባቸው?» አለችኝ ሐኪሟ።

እኛ ዘንድ ዐረብ አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። «ሁሉም ደህና ነው» እየተባለ ይደበቃል፤ መርዶውን የሚነግሩት እዚያው ያሉ ወዳጆች ተሰብስበው ነው። ስለዚህ የታመመ ሰው ቤት ስልክ ካልተነሳ፣ ለእነሱ ሞቷል ማለት ነው። ልጄ ግን ታቃስታለች።

«ዝጊው፤ አላህ ያውቅልኛል።»

የሌላ ሰው ጥሪ እንዳይገባ ዘጋችው። አስተማሪው አየና «ጀምሪ» አለ። ለዚህች አንድ ቃል ነበር ያን ሁሉ የተንገበገብኩት። ሐኪሟ በሽታውን ስትነካት አውቃዋለች፤ ሁላችንም ግን ቆመን ስልክ እንጠብቃለን። ማማረሬ አይደለም፤ የምትጠይቀው ሰው ባይኖራትም እፈራ ነበር።

ስልኬም አብሯት ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባ፤ እስኪጨርሱ አስተማሪው እንዲያይ ነርሱ ይዞላት ነበር። እኔ ደጅ ዱዓ አደርጋለሁ።

ሐኪሟ «ወጥቷል፤ አልፈነዳም» ብላ ስልኬን ስትመልስልኝ እጇን ሳምኩት። ወዲያው ጅዳ ደወልኩ። ትልቋ ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳለች።

«ደህና ናት ልጄ።»

«አትዋሺኝ እማ! አሳዪኝ!»

«ተኝታለች፤ ማደንዘዣው…»

«አየሽ! ተኝታለች አልሽ!»

ሐኪሟ ስልኩን ተቀበለችኝ። «እህቴ፣ ያከምኳት እኔ ነኝ፤ በጣም ደህና ናት።»

«አንቺንም አስጠንተውሽ ነው!»

ሐኪሟ ልትስቅም ልትቆጣም አልቻለችም። እኔም ደከመኝ። ዋሽተን ዋሽተን፣ እውነቱን ስንናገር የሚያምነን አጣን።

ትንሿ እስክትነቃ ጠበቅን። ዐይኗን ስትገልጥ ጅዳ በምስል ደውዬ ስልኩን ወደ ፊቷ አዞርኩት። ትልቋ ስሟን እየጠራች ትጮሃለች።

ትንሿ ፊቷን አጨማደደች። «ውሃ ስጡኝ። ይቺን ደግሞ ዝጉልኝ።»

ትልቋ አልሐምዱሊላህ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟ ግን ውሃ ገና ነው አለች።