እንትፍ ያልኩባት ሳተላይት

ከውጫሌ የተነሳሁ ለት፣ ገና ሊነጋ ሲል፣ የሚኒባሱ ሹፌር ክላክሱን እያምባረቀ አባቴ ዱዓውን አላሳጠረም። ሲጨርስ እንደ አገራችን ወግ መዳፌ ላይ እንትፍ አለልኝና ፊቴን አበስኩበት። ከጂዳ የሰው ቤት ሥራ ተመልሼ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ከልጆች ጋር ሰባተኛ ክፍል ተቀምጬ የጀመርኩት ትምህርት ነው ጀርመን የወሰደኝ። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ።

ዳቧቸው ጥርስ ይፈትናል፤ ፀሐያቸው እንደሚያፍር እንግዳ ብቅ ብላ ትመለሳለች። እዚህ አገር ነው እንግዲህ ከብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ የፀሐይ ሴል ለጣፊ የሆንኩት። አዳዲስ ሴሎች ህዋ ላይ ይበረክቱ እንደሆነ የምትፈትን፣ ከአባቴ ሬዲዮ የምታንስ ሳተላይት ሠራን። ከአራቱ ሴሎች አንዱ የእኔ ነው፤ ከሥሩ የአየር አረፋ እንዳይቀርበት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ የለጠፍኩት።

የምንሠራበት ክፍል ትንፋሽ እንኳ ያለ ማስክ አይገባም። ማስኩን ዝቅ ያደረገ ሰው ካለ የምቆጣው እኔው ነኝ። ሊያሽጓት ሲሉ ግን የአባቴ ምርቃት ትዝ አለኝ። ማስኬን አወረድኩ፣ «ቢስሚላህ፣ በሰላም ግቢ» አልኩና የለጠፍኩት ሴል ላይ እንትፍ።

ኃላፊያችን ክላውስ ቀረበ።

«ምን አደረግሽ?»

«መረቅኳት።»

«ተፋሽባት እኮ።»

«ያለሱ ምርቃቱ አይሞላም።»

ቅጽ አወጣ። «የብክለቱ ዓይነት?»

«ምርቃት በል።»

«ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ሳጥን የለም። ሴሉ ካልጠራ ያንቺን ነቅለን ሌላ እንተካለን።»

በአልኮል ጠርጎ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ጠርቷል» አለ። እኔም አየሁ።

«አልጠራም። ጠርዙ ላይ አንዲት ነጥብ አለች።»

«በራስሽ ላይ ትመሰክሪያለሽ?»

«ቆሽሻ ከምትሄድስ የእኔው ይነቀል።»

እንደገና ጠረገ። መብራት ሥር ሲለካው ኃይሉ እንደ ቀድሞው ነው። ፈረመ። እስክትወነጨፍ፣ ከዚያም የመጀመሪያው መረጃ እስኪመጣ እህል አልወረደልኝም። መጣ፤ የእኔው ሴል ይሠራል። በኮሪደሩ እየሳቅኩ ወጥቼ ቤት ደወልኩ።

«አባ፣ ሠራ፣ ወላሂ ሠራ።»

«አልሀምዱሊላህ። በእኛስ በኩል ታልፋለች?»

«አንዳንዴ በአምባሰል ላይ ታልፋለች። ዓለምን ዞራ ለመምጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃታል። ግን ትንሽ ናት፣ አትታይም።»

«አብሽሪ፣ ባትታይም ትለፍ። ያንቺ መምጫ መንገድስ፣ ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«በአውሮፕላን ሰባት ሰዓት፣ አባ።»

«ቅርብ ነው እኮ» አለ።