ሠርግ ላይ የተረገጠው ጨርቅ

ሃሎ፣ ትሰማኛለህ? የእኔ ጭንቅላት ምን ይረሳል? ስወለድ ማን ማን እልል እንዳለ እንኳ አስታውሳለሁ!

ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ የምትማረው የልጅ ልጄ ትርንጎ፣ ለፈተናዋ ያለ ሸማኔ ጨርቅ ልትሠራ መጣች። የበግ ጠጉሩ ቢያንሰን ከፀጉር ቤት የተጠረገ የሰው ጠጉር ቀላቀልንበት። በእንዶድ ነከርነው።

«እንዲጣበቅ ቀኑን ሙሉ መረገጥ አለበት» አለችኝ።

እኔ መላው መች ጠፋኝ! ትናንት የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ወስጄ ዳሱ ውስጥ አነጠፍኩት።

«እማማ፣ ምንጣፉ ምነው ራሰ?» አለኝ አንዱ እድምተኛ።

«አቧራ እንዳይነሳ ነው፤ ጨፍሩ!»

ጨፈሩ፤ አረፋው ጉልበታቸው ደረሰ። ድንገት ሙሽሪት «ቀለበቴ!» ብላ ጮኸች። ብንፈልግ፣ ለካ ወልቆ ወድቆ ጨርቁ ጨምድዶ ይዞታል። ሙሽራው ቢላ ሲያነሳ ትርንጎ ጨርቁ ላይ ተዘረረች።

«ከተቀደደ ፈተናውን ወደቅሁ!»

ሙሽሪትም «ያለ ቀለበቴ ንቅንቅ አልልም!» አለች።

«በይ ጣትሽን እዚያው ቀለበቱ ውስጥ አስገቢ!» አልኳት። አስገባች።

ይኸው ዛሬ ፈተናው ላይ ሙሽሪት ጨርቁን በጣቷ አንጠልጥላ፣ ሙሽራው ጫፉን ይዞ፣ ሁለቱም ከትርንጎ ጋር ቆመዋል። ጠጉሩ የማን እንደሆነ ለማንም እንዳትነግርብኝ! ውጤቱ ሲመሽ ይታወቃል፤ ዛሬ ማታ መልሰህ ደውልልኝ፣ ሰማህ?